በመስቀል ጀምሮ በመስቀል የሚያልቅ ቃል

ወረቀት አልወድም። ይኸውና ራሴ ወረቀት ላይ እየጻፍኩ ነው፤ ይሄኛውን ግን እኔው ስለምጽፈው ምን እንዳለበት አውቃለሁ። የምፈራው ሌላ ሰው ጽፎ የሚያመጣልኝን ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ የመንግሥት መኪና እየነዳሁ። አማርኛ በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ። እንግሊዝኛ አላውቅም። ሾፌር ስለነበርኩ ከታርጋ ላይ ፊደሎቹን በመልክ ለይቻቸዋለሁ፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። እንደ ሰፈር ሰው ናቸው፤ በየቀኑ ታየዋለህ፣ ስሙን አታውቅም።

አንድ ጊዜ የሰፈር መንገድ ኮሚቴ ነን ያሉ ሰዎች ከሐይቁ ብዙ ወደማይርቀው ቤቴ መጡ። «ስብሰባው ላይ መገኘትዎን ለማረጋገጥ ብቻ ነው አባባ፤ እዚህች ጋ ይፈርሙ» አሉኝ። አንዱ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ ያነበበው ሁሉ ስለ ስብሰባ ነበር። ፈረምኩ። በወሩ አጥሬ ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ገባ፣ አቦካዶዬም ተቆረጠ። ስጮህ ወረቀቱን አውጥተው ፊርማዬን አሳዩኝ። ፊርማው የኔ ነው። ምን ልል ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ የተመነጠረው ግን አቦካዶዬ ነው። በየዓመቱ አንድ ጆንያ ይሰጠኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ፣ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ወረቀቱን ራሱ እንዲያነብልኝ አልፈቅድም።

አሁን ወረቀት ያመጣችብኝ ልጅ ከወሎ ናት። ዩኒቨርሲቲ ልትማር መጥታ፣ ሁለተኛ ዓመት ስትሆን ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራየች። ተመርቃም ወጥታ አልሄደችም፤ ሥራ እስካገኝ ብላ ቀረች። አራት ዓመት ሆናት። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኛ ክርስቲያን ነን። በረመዳን ባለቤቴ ለማፍጠሪያ ሾርባ ታሞቅላታለች፤ በሁዳዴ ደግሞ እሷ ሥጋ የነካ ድስት ወደ እኛ ማጀት አታስጠጋም። ባለቤቴ «ልጄ» ትላታለች። እኔም «ልጄ» እላታለሁ፤ እኔ ግን የታክሲ ረዳቱንም ልጄ ነው የምለው።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ መጣች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ምንድን ነው?»

«ሥራ ላገኝ ነው ኢንሻአላህ። ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት የሚያድጉበት ቤት ነው፣ እዚሁ ከተማ። ፈተናውን አልፌያለሁ። የቀረኝ አብሮኝ የኖረ ትልቅ ሰው ስለ ጠባዬ የሚመሰክርበት ደብዳቤ ነው። ኃላፊዋ የውጭ ሰው ስለሆነች በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼዋለሁ።»

«ወላጆችሽስ?»

«ሩቅ ናቸው አባባ። ደግሞ እነሱ ዘመድ ስለሆኑ አይቀበሏቸውም። እዚህ ከእርስዎ ሌላ የሚያውቀኝ ትልቅ ሰው የለም። እስከ ዓርብ ምሳ ሰዓት ካላስገባሁ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።» ወረቀቱን ዘረጋችና «ላንብብልዎት?» አለች።

«አየዋለሁ።»

«በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው እንጂ፣ እየተረጎምኩ...»

«አየዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

ሄደች። ባለቤቴ ከማጀት ሆና ሰምታ ኖሮ፣ «በየትኛው እንግሊዝኛህ ነው የምታየው?» አለችኝ።  ሚስት ለምትለው ሁሉ መልስ የሚሰጥ ሰው ሌላ ሥራ አይሠራም።

መነጽሬን አድርጌ ወረቀቱን ደጅ ይዤው ወጣሁ። አላነብም እንጂ አያለሁ። አንድ መስመር ስከተል፣ አንድ ቃል ደጋግሞ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በመስቀል ይጀምራል፤ ከመስቀሉ አጠገብ ጎባጣ ዱላ፣ ከዱላው አጠገብ እጀታ የሌለው ስኒ፣ ከዚያ የተጠመዘዘ እባብ፣ መጨረሻው እንደገና መስቀል። በጣቴ ቆጠርኩ። ሦስት ቦታ እንዲሁ ባዶውን፣ ሁለት ቦታ ደግሞ ጅራት አብቅሎ። አምስት ጊዜ! ወረቀቱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። አምስት ጊዜ የሚደጋገም ነገር ከባድ ጉዳይ ነው። የገረመኝ ደግሞ እባቡ ነው፤ ፊትና ኋላው መስቀል፣ መካከሉ እባብ። እንዲህ ተሸፍኖ የሚመጣ ነገር ደስ አይለኝም።

እኔ በእድራችን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነኝ። ሰው ሲጣላ፣ ዕቃ ሲጠፋ እኛ ነን የምንመረምረው። አንድ ጊዜ የእድሩ ትልቁ ድስት ጠፍቶ ሦስት ምስክር ነበር። አንዱን ከድንኳኑ ኋላ፣ አንዱን ከበሩ፣ አንዱን ከዛፉ ሥር አስቀምጠን ለየብቻ ጠየቅናቸው፤ ድስቱ በማግስቱ ተገኘ። ምስክር አንድ ላይ ከተጠየቀ አንዱ የአንዱን አፍ ይቀዳል። ለየብቻ ሲጠየቅ ግን እውነት ከሆነ ይገጥማል፣ ውሸት ከሆነ ይለያያል። አርባ ዓመት የሠራሁበት ዘዴ ነው።

ስለዚህ ከግድግዳው ካላንደር ያለፈውን ወር ቀደድኩና በጀርባው ያን ቃል ገለበጥኩት። መስቀል፣ ዱላ፣ ስኒ፣ እባብ፣ መስቀል። ደብዳቤውን አጥፌ ፍራሽ ሥር አስገባሁት። ቃሉን ብቻውን ይዤ፣ ሦስት ሰው ለየብቻ ልጠይቅ ወሰንኩ።

ማክሰኞ ባህል አዳራሽ አጠገብ ወዳለች አንዲት የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ሄድኩ። ሴትዮዋን አላውቃትም፤ የመረጥኳትም ለዚህ ነው።

«እቺ ምን ትላለች?» ብዬ የካላንደሩን ጀርባ ሰጠኋት።

«እምነት» አለችኝ።

«የቱ እምነት? የቤተ ክርስቲያኑ?»

«አይ አባባ፣ ሰው ሰውን ሲያምን፣ ሲተማመን። ከየት አገኙት?»

«ከመንገድ» አልኳት። የካላንደሩን ሥዕል አየች፣ እኔን አየች፣ ሌላ አልጠየቀችም። አልጠየቀችምና ደግሞ ጠረጠርኳት።

ረቡዕ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። በጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር ወዳጅ አለኝ፤ ዛፍ ሥር በቆርኪ ዳማ ሲጫወት ነው የሚውለው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሳ አንጀት እየጠበቁ እንደ ዳኛ ቆመዋል። ከዳማው ማዶ ተቀምጬ ካላንደሩን ስሰጠው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

«የማን እጅ ነው ይሄ? ዶሮ ጫረችው?»

«ትርጉሙን ንገረኝ፣ ቀልዱን ተወው።»

«ይሄማ ትረስት ነው፤ ዘመደ ብዙ ቃል። ማመን ነው፣ መተማመን ነው፣ መመካት ነው፣ አደራ መስጠት ነው፣ ተስፋ ማድረግም ይሆናል። ድሮ ድሮ ዱቤ መስጠትንም እንዲህ ይሉት ነበር። ጓደኞቹን ከፈለግክ ደግሞ ቢሊፍ አለ፣ ፌዝ አለ፣ ኮንፊደንስ አለ፤ ሁሉም ያው ማመን...»

«ቆይ ቆይ፤ ለአንድ ነገር ይሄ ሁሉ ስም?»

«እንግሊዝ ሀብታም ነው።»

«እኛ ሰፈር አራት ስም ያለው ሰው ቢመጣ ለሚሊሻ ነው የምንጠቁመው።»

ሳቀና አንድ ቆርኪዬን በላብኝ። ለካ እያወራ ያጫውተኝ ነበር። ከዚያ ቀልዱን ተወና «ቃሉን ብቻውን ይዘህ አትዙር። ዓረፍተ ነገሩን አምጣውና ቁርጡን ልንገርህ። ቃል ከቤቱ ወጥቶ ሲገኝ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም» አለኝ።

ዓረፍተ ነገሩንማ አላመጣለትም። ወዳጄ ነው፤ ግን ወሬ አይቋጥርም። እኔ የያዝኩት በልቤ ሌላ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ምስክር አንድ ቃል ሰጠችኝ፣ ሁለተኛው ስድስት። አልገጠመም።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ገበያ የወሰደኝ ባለባጃጅ ሕግ የተማረ ልጅ ነው። የሲዳማ ልጅ ነው፤ ሥራ እስኪያገኝ የአጎቱን ባጃጅ ይነዳል። መንገድ ላይ ካላንደሩን በትከሻው በኩል አሳየሁት።

«ትረስት» አለ ዞር ሳይል። «በሕግ ትልቅ ነገር ነው አባባ። ንብረትዎን፣ ቤት እንበል፣ ለሌላ ሰው ያስተላልፉና እሱ በአደራ ይይዘዋል። ስሙም ወደ ያዡ ይዞራል።»

«ስሙ ይዞራል?»

«በአንዳንድ አገር ሕግ አዎ።»

«ቤት?»

«ቤትም፣ መሬትም።»

የባጃጁን ብረት ጨበጥኩ። አምስት ጊዜ! አንዱ ለቤቱ፣ አንዱ ለግቢው፣ አንዱ ለማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። አቦካዶዬ ፊቴ ላይ ቆመ።

ልጁ በመስታወት አየኝና «ምነው አባባ? ሰው ወረቀት ሰጠዎት እንዴ?» አለኝ። በዙሪያው ነገርኩት፤ ስም ሳልጠራ፣ አንዲት ተከራይ ብዬ። «ታዲያ እሷን ጠይቀዋታል?» አለኝ። «በእኛ ሽማግሌዎች ዘንድ ሀላሌ፣ እውነት ማለት ነው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው የሚያወጡት።»

«ሽምግልና አንተ ልታስተምረኝ ነው? አንተ ስትወለድ እኔ ስንት ድስት አስመልሻለሁ!»

«ድስት?» አለ። 

ቤት እንደገባሁ የቤቱን ካርታ ከሣጥን አወጣሁ፣ በላስቲክ ጠቀለልኩ፣ የጤፍ ዱቄት በርሜሉ ውስጥ እስከ ክንዴ ድረስ ቀበርኩት። ባለቤቴ ደረሰችብኝ።

«ምን ስትሠራ ነው?»

«ነቀዝ አለው ወይ ብዬ።»

«እስከ ብብትህ ነው ነቀዝ የሚታየው?»

እጄ ነጭ ሆኖ ቀረ። ወረቀቱን እንዳልፈረምኩ ታውቃለች፤ ከሰኞ ጀምሮ «ፈረምክ? ፈረምክ?» እያለች ነው። የዚያን ቀን ግን የበርሜሉን ክዳን ገጥማ ሄደች። 

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ልጅቷ መጣች። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። አልተቀመጠችም።

«አባባ፣ ወረቀቱን ልወስድ ነው።»

«አልፈረምኩትም።»

«አውቃለሁ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። ጮኻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ደብዳቤውን የጻፈችልኝ ባህል አዳራሽ ጋ ያለችው ሴትዮ ናት። ዛሬ ሳልፍ ጠራችኝ። ሽማግሌ የሚፈርምልሽ ደብዳቤ ላይ አምስት ጊዜ የጻፍኩትን ቃል አንድ አባት ካላንደር ጀርባ ላይ ስለው መጡ፣ ምን ሆነው ነው አለችኝ።»

በዚያ ሁሉ ከተማ ጽሑፍ ቤት ጠፍቶ! ምስክር ለያይቼ ስጠይቅ፣ አንደኛዋ ምስክር የተከሳሿ ጸሐፊ ሆና ተገኘች።

«ማጣራት ነውር ነው?» አልኩ።

«አይደለም። ግን እድር ላይ ሲፈርዱ ከጓሮ ሆኜ ስንቴ ሰምቻለሁ። 'ባለ ጉዳዩን ሳትሰሙ ምስክር አትጥሩ' ይላሉ። ሌባ እንኳ አስቀድሞ ይጠየቃል። እኔ ግን አራት ዓመት እዚህ ግቢ ኖሬ፣ ከመንገድ ሰው በኋላ እንኳ አልተጠየቅኩም።»

 እውነቷን ነው። አርባ ዓመት አንድም ሰው ሳልሰማ ፈርጄ አላውቅም። የወረቀት ነገር ሲሆን ግን ኮሚቴውና እሷ አንድ ሆነውብኝ፣ አፏን ዘግቼ ምስክር ጠራሁባት። ባለቤቴ ከበሩ ቆማ ታየኛለች፤ ካርታው በእጇ ነው፤ ላስቲኩ ጤፍ እየረገፈለት። ሊጥ ልታቦካ ዱቄት ስትዝቅ ነው ያገኘችው።

«ነቀዙ ይኸውልህ» አለችኝ።

ልጅቷ ካርታውን አየች። ምን እንደጠረጠርኳት ያን ጊዜ ገባት። እንባዋ ሲሞላ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች፤ አቦካዶው ወደነበረበት።

«ተቀመጪ» አልኳት። ገብቼ ከፍራሹ ሥር ወረቀቱን አመጣሁ። «አንብቢው። እየተረጎምሽ። አንድም እንዳትዘዪ።»

ተቀመጠች። እየተረጎመች አነበበች። ስለ ቤት አንድም ነገር አልነበረውም። አራት ዓመት በግቢዬ ኖራለች ይላል፤ እውነት። የሰፈር ልጆች ታስጠናለች፣ እናቶቻቸው ያምኗታል፤ እውነት። ቁልቢ ስንሄድ የቤታችንን ቁልፍ አምነን ሰጥተናታል፤ እዚህ ላይ ባለቤቴ «እውነት!» አለች። ከዚያ አነበበች፦ «እኔ ይህችን ልጅ በሙሉ ልቤ አምናታለሁ።»

«ቁሚ» አልኳት። «ይሄ ውሸት ነው።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች ባለቤቴ።

«ውሸት ነው አልኩ። አምናታለሁ ብዬ ልፈርም? ሳምንቱን ሙሉ ምን ሳደርግ ነው የከረምኩት? ደግሞ ቁልፉን የሰጠችሽ እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ የመኝታ ቤቱን በር በሌላ ቁልፍ ቆልፌ፣ ከመቀነት የመዘዝኩት ነጭ ክር በበሩና በመቃኑ መካከል ከታች አስሬ ነው የሄድኩት። ሰው ቢገባ እንዲበጠስ።»

ሁለቱም አፈጠጡብኝ። ባለቤቴ ስለ ክሩ አታውቅም ነበር። «የእኔን መቀነት ነው?» አለች።

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እና? ተበጠሰ?»

«አልተበጠሰም። አምስት ቀን ቆይተን ስንመለስ እንዳሰርኩት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ይሄንን አይመሰክሩልኝም?»

እኔ ውሸት ላይ አልፈርምም፤ እውነት ላይ ግን ማን ከለከለኝ? እሺ አልኳት፣ ደብተር አምጪ። እኔ እየተናገርኩ እሷ በአማርኛ ጻፈች። እንዲህ ነው ያልኩት፦ «እኔ ሰው አላምንም። ይህችንም ልጅ አላመንኳትም። አራት ዓመት ሳላምናት ተመለከትኳት። በር ላይ ክር አሰርኩ፤ አልተበጠሰም። አንድ ቀን ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ሆን ብዬ ጥዬ ገበያ ዋልኩ፤ ስመለስ አቧራው ተጠርጎ ሳንቲሙ እዚያው ነበር። ደብዳቤ ብታመጣልኝ ሦስት ሰው ዞሬ ጠየቅኩባት፣ የቤቴን ካርታ ጤፍ ውስጥ ደበቅኩባት። ምንም አላገኘሁባትም። ሳልሰማት ምስክር መጥራቴ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅ ቢኖረኝ ከእሷ ጋር እተወው ነበር።»

የመጨረሻውን ስናገር ቀና ብላ አየችኝ። «የመጨረሻውን ልጻፈው?»

«ምን ብዬ ነው የነገርኩሽ ታዲያ?»

በዚያው ምሽት ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ዓርብ ጠዋት እዚያችው ጽሑፍ ቤት አሳተመችው። ፊርማ ጠየቀችኝ። ቆዪ አልኳት፤ ተርጓሚዋ ራሷ ናት። ጠባዬን ስላወቀችው መሰለኝ፣ ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። ያንኑ ባጃጅ ጠርተን ሐይቁ ዳር ወረድን። መምህሩ ቆርኪውን ወደ ጎን አድርጎ ወረቀቱን ጮክ ብሎ ወደ አማርኛ መለሰልኝ። ከቃሌ አንድም አልጎደለም፤ ክሩም አለ፣ ጤፉም አለ። አንብቦ ሲጨርስ «እንዲህ ያለ የምስክር ወረቀት በሕይወቴ አላየሁም። ስድብ ነው ምርቃት?» አለኝ።

«ምስክርነት ነው» አልኩት።

በመስቀል ጀምሮ በመስቀል የሚያልቀውን ቃል ፈለግኩ። ሦስት ቦታ አገኘሁት፤ አንዱ ጅራት አብቅሏል። ከሦስቱም አጠገብ ምን እንዳለ ጠየቅኩት። «አሉታ ነው፤ አላምንም፣ አላመንኳትም፣ ሳላምናት ይላል» አለኝ። ልክ ነው። ባጃጁ መቀመጫ ላይ ዘርግቼ ፈረምኩ። ልጁ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቅ ነበር፤ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። አንዲት ሴት፣ አማርኛዋ የጠራ፣ ከልጆቹ ቤት ነው የምደውለው አለችኝ።

«አባቴ፣ ደብዳቤዎን አንብበነዋል። ክሩን በእውነት አስረውት ነበር?»

«አስሬው ነበር።»

«አልተበጠሰም?»

«አልተበጠሰም ብዬ ጽፌያለሁ እኮ።»

«ኃላፊያችን ከመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ ያመነችው የእርስዎን ነው። ሌሎቹ ሁሉ በሙሉ ልቤ ነው የሚሉት።»

«እሺ። አንቺ ግን ማነሽ? እኔ በምን አውቄሽ ነው ይሄን ሁሉ የምነግርሽ?»

ሳቀች። ስሟን ነገረችኝ። ስም ማንም ይናገራል።

ልጅቷ ሥራውን ያዘች። ክፍሉን አለቀቀችም፤ ሁለት አዳር ከሕፃናቱ ጋር፣ ቀሪውን እኛ ጋ ናት። ሁለት ሳምንት ያህል «አባባ» ስትለኝ ድምፅዋ እንደ ድሮው አልነበረም፤ አሁን ተመልሷል፣ ወይ ለምጄው ይሆናል። ዘንድሮ ቁልቢ ልንሄድ ስንል ቁልፉን እኔ ራሴ በእጇ ሰጠኋት። የመኝታ ቤቱን አልቆለፍኩም። ባለቤቴ ሻንጣ ላይ ተቀምጣ እያሰረች፣ «ክሩስ?» አለችኝ።

«የውጭው በር ላይ አስሬዋለሁ፤ ለልጅቷም አሳይቻታለሁ» አልኳት። «ባለባጃጁ እንደምንሄድ ያውቃል። እሱን ገና ጠይቄ አልሰማሁትም።»